ስለ መንገደኛና ስለ ሻንጣው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የቀድሞ ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች «በመረጥኸው አርእስት ተናገር» ባሉኝ ጊዜ ብዙ አሰብሁ። በእንዲህ ያለው ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ሥራ ክቡርነት መናገር የተለመደ ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት ታላላቆች ግን ይህን ሁሉ አሳምረው ስለ ተናገሩት፥ እኔ ዝቅ ካለ ቦታ ልጀምር ብዬ ቈረጥሁ። የምነግራችሁ ስለ መንገደኛና ስለ ሻንጣው ነው።

አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ነገር ግን ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በቅርብ ዘመን ከዚህ ግቢ ወጥተው ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ፥ ወደ ሥራ ፈተና፥ አንዳንዶቹም ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። ያን ጊዜ የዓመታት ድካማቸው በአንዲት ቀን መዘግየት ወይም በአንድ ሻንጣ መቅረት ሊበላሽ ይችላል። ሀብታም መንገደኛ አይሮፕላን ቢያመልጠው ሌላ ትኬት ይገዛል፤ ልብሱ ቢቀር ሌላ ልብስ ይገዛል። እኛ ግን የምንጓዘው እናት ከሸጠችው ፍየል፥ አባት ከተበደረው ብርና ዘመድ ካዋጣው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ ከሀብታሙ ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል።

አሶሳ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በባምባሲ፥ በመንዲ፥ በነጆና በጊምቢ አድርጎ ወደ ነቀምቴ፥ ከዚያም በባኮና በአምቦ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ተራራና ሸለቆ የበዛበት መሆኑን የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። በመተከል ያሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ዐባይ ከእኛ ስለሚለያቸው፥ ከግልገል በለስ ተነሥተው በቻግኒና በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይወጣሉ። በክረምት ዝናሙ ይከብዳል፤ ባለፉት ዓመታትም መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የተቋረጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የሰማዩ መንገድ ይህን ርቀት አሳጥሮታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ. ም. ተቋቁሞ፥ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። አያቶቻችን በበቅሎና በእግር ሳምንታት ይፈጁበት የነበረውን ጕዞ ዛሬ አይሮፕላን ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጽመዋል። የሆነ ሆኖ አይሮፕላንም የአየሩ ጠባይ ይገዛዋል። ጧት በአዲስ አበባ ጉም ቢወርድ ወይም እዚህ ደመናው ቢከብድ፥ እኛን ሊወስድ የሚመጣው አይሮፕላን ይዘገያል፤ እርሱ ሲዘገይ የእኛም መነሻ ይዘገያል፤ የእኛ መነሻ ሲዘገይ በቦሌ የሚጠብቀን ሁለተኛው አይሮፕላን ጥሎን ይሄዳል። እንግዲህ የመንገደኛ ችግር እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ስለ ሆነ፥ ሳላፍር እነግራችኋለሁ።

መምህር በሆንሁ በሦስተኛው ዓመት በሩቅ አገር ለስድስት ሳምንት በሚሰጥ የመምህራን ትምህርት ላይ እንድካፈል ተመረጥሁ። የጕዞው ወጪ ግማሹ በእኔ ላይ ስለ ነበረ፥ ከሁሉ የረከሰውን ትኬት ፈልጌ ገዛሁ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በመንገድ ሁለት ጊዜ አይሮፕላን የሚያስለውጥ ነበር። ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባም በአይሮፕላን መሄዱን ትቼ በአውቶቡስ ለመሄድ ወሰንሁ። ሒሳቤ ይህ ነበር፤ ዛሬ ጧት እነሣለሁ፥ መንገድ ላይ አድራለሁ፥ ነገ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ እገባለሁ፥ ማታውን እበራለሁ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንዲት ሰዓት ትርፍ አልነበረችም፤ እኔም ይህን እንደ ብልኀት ቈጠርሁት።

ከመንዲ አለፍ ብለን ስንሄድ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በመንገዱ ላይ ተገልብጦ አገኘን። በዚህም በዚያም ማለፊያ የለም። ዝናሙ ይዘንማል፥ ረዳቱ በጣሪያው ላይ ሸራውን ያጠብቃል፥ ተሳፋሪው ይጸልያል፤ እኔ ግን ሰዓቴን ብቻ እመለከታለሁ። መንገዱ የተከፈተው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነበር። አዲስ አበባ የደረስሁትም አይሮፕላኑ ከተነሣ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

የሚያሳዝነው መዘግየቴ አልነበረም። ስልክ በኪሴ ነበረ፤ የትኬት ሻጩም ቍጥር በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን «ምን ብዬ እደውላለሁ? ምናልባት እደርስ ይሆናል» እያልሁ ቀኑን በከንቱ አሳለፍሁት። በማግሥቱ ትኬት ከሚሸጥበት ቢሮ ስሄድ ሠራተኛይቱ በትሕትና፥ «ወንድሜ፥ አይሮፕላኑ ሳይነሣ ደውለው ቢሆን ኖሮ ጥቂት ቅጣት ከፍለው ቀኑ ይለወጥልዎ ነበር። ሳያስታውቁ ስለ ቀሩ ግን የመመለሻውም ጭምር ተሰርዟል» አለችኝ። ትኬቴ ገንዘቡ የማይመለስ፥ ከሁሉ የረከሰው ዓይነት ነበረ።

በአዲስ አበባ የምትኖር አክስቴ ዕጣ የደረሳትን የዕቁብ ገንዘብ አውጥታ ሰጠችኝ። ያን ገንዘብ ከደመወዜ እየከፈልሁ ለመጨረስ አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። አክስቴ አልተቈጣችኝም፤ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «ልጄ፥ ገንዘብ ለማትረፍ ብለህ ቀንህን ሸጥህ» አለችኝ።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች! የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በዚህች በአክስቴ ቃል ውስጥ ይጠቃለላል። ገንዘብ የሌለው መንገደኛ መጠባበቂያው ጊዜ ነው። ትርፍ ጊዜ የሌለበት ርካሽ ትኬት ርካሽ መስሎ የሚታይ ውድ ዕቃ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጕዞ ነው።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፥ ከክልላችን ወጥቶ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ሰው፥ በተለይም በመኪና የሚመጣ ከሆነ፥ ከበረራው በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይተው። በዘመድ ቤት አንድ ሌሊት ማደር ወይም ለመጠነኛ አልጋ መክፈል፥ አዲስ ትኬት ከመግዛት እጅግ ይቀላል።

ሁለተኛ፥ በአንድ ትኬትና በሁለት ትኬት መካከል ያለውን ልዩነት እወቁ። ከአሶሳ እስከ መጨረሻው አገር ድረስ ያለው ጕዞ በአንድ ትኬት ተጠቃልሎ ከተገዛ፥ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፥ በሚቀጥለው አይሮፕላን ቦታ ፈልጎ እስከ መድረሻችሁ ማድረስ የአጓጓዡ ግዴታ ነው። ሁለቱ በረራዎች በየራሳቸው ትኬት ለብቻ ለብቻ ከተገዙ ግን፥ ሁለተኛው አጓጓዥ የሚያየው በሰዓቱ አለመገኘታችሁን ብቻ ነው፤ የመዘግየታችሁ ምክንያት አይመለከተውም። ሁለት ትኬት ለየብቻ ሲገዛ አንዳንድ ጊዜ ይረክሳል፤ ርካሽ የሆነውም አደጋውን ሁሉ ገዢው ስለሚሸከመው ነው። ሁለት ትኬት መግዛት የግድ ከሆነም በመካከላቸው ሰፊ ጊዜ ይኑር።

ሦስተኛ፥ እንደምትዘገዩ ባወቃችሁ ጊዜ ወዲያውኑ ደውሉ። በአንድ ትኬት ላይ ከተጻፉት በረራዎች የመጀመሪያውን ሳያስታውቅ የቀረ መንገደኛ፥ ቀሪዎቹም ከነመመለሻው ሊሰረዙበት እንደሚችሉ ከእኔ ተማሩ። ትኬት ስትገዙም «ቀን ለመለወጥ ቅጣቱ ስንት ነው? ገንዘቡስ ይመለሳል ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፥ አይሮፕላኑ በአጓጓዡ በኩል ዘግይቶ መንገድ ላይ የቀራችሁ እንደ ሆነ፥ በአንድ ጥግ ተቀምጣችሁ አትዘኑ። ወደ ሠራተኛው ቀርባችሁ «በየትኛው በረራ ልሄድ ነው? የምበላበትና የማድርበትስ ምን ታስቧል?» በሉ። የሚሰጠው እርዳታ እንደ አጓጓዡ ደንብና እንደ መዘግየቱ ምክንያት ይለያያል። ለምሳሌ የአውሮፓ ማኅበር አገሮች እ. ኤ. አ. በ2004 ባወጡት ደንብ መሠረት፥ ከአገሮቻቸው የሚነሣ አይሮፕላን ለብዙ ሰዓት ሲዘገይ አጓጓዡ ለመንገደኛው ምግብ፥ ሌሊት ካስፈለገውም ማደሪያ እንዲሰጥ ይገደዳል። የእኛ አገር ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስለሚያፍር፥ የሚገባውን እንኳ ሳይጠይቅ ተርቦ ያድራል። በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ወደ ሆነ ጕዳይ ልለፍ፤ ይኸውም የሰዓትና የቀን አቈጣጠር ነው። ብዙ ሰው ዝናምና መኪና ሳያግደው፥ ትኬቱን አስተካክሎ ባለማንበቡ ብቻ አይሮፕላን አምልጦታል።

የአይሮፕላን ትኬት የሚጻፈው በአውሮፓ ቀንና በ24 ሰዓት አቈጣጠር ነው። በትኬቱ ላይ 07:00 ተብሎ ከተጻፈ፥ በእኛ ከጧቱ 1 ሰዓት ነው እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት አይደለም፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በትኬት ላይ 13:00 ተብሎ ይጻፋል። ለቀን ሰዓት ከትኬቱ ሰዓት ላይ 6 መቀነስ ነው፤ ከ6 ያነሰ እንደ ሆነም 6 ደምሮ የሌሊት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ወጥመድ ግን የሌሊት በረራ ነው። ከቦሌ ወደ ውጭ አገር የሚነሡ ብዙ አይሮፕላኖች ሌሊት ይበራሉ። በእኛ ልማድ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ በትኬቱ አቈጣጠር ግን ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እንግዲህ በትኬቱ ላይ «ኦክቶበር 12፥ 01:30» የሚል ቢጻፍ፥ ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 2 ቀን ነው፤ ሰዓቱም ከሌሊቱ 7:30 ነው። ነገር ግን ሌሊቱ የትኛው ሌሊት ነው? ለጥቅምት 2 አጥቢያ ነው፤ ስለዚህም መንገደኛው ጥቅምት 1 ቀን ማታ ከአይሮፕላን ማረፊያው መገኘት አለበት። ጥቅምት 2 ቀን ማታ ሻንጣውን ተሸክሞ፥ ቤተ ዘመድ አስከትሎ ቢሄድ፥ አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ይህን ሒሳብ ተማሪዎች በክፍላችሁ ተለማመዱት፤ ለወላጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁም ትኬታቸውን እያነበባችሁ በእኛ ቀንና ሰዓት ጻፉላቸው። ከተማራችሁት ትምህርት ለሰፈራችሁ የምትከፍሉት አንዱ ውለታ ይህ ነው።

ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። በሁለተኛው ትኬቴ ቦሌ ተገኝቼ በመጠባበቂያው አዳራሽ ተቀመጥሁ። ከአጠገቤ በአረብ አገር የምትሠራ ልጃቸውን ለማየት የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ነበሩ። በአንገታቸው የጨርቅ ከረጢት አንጠልጥለዋል፤ በውስጡም ፓስፖርታቸው፥ የልጃቸው አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት፥ መድኃኒታቸውና አንድ ቅያሪ ነጠላ ነበር። እኔ የተማርሁት ሰው ዲግሪዬን፥ ፎቶግራፌን፥ መነጽሬንና ሙሉ ልብሴን በጥሩ ሻንጣ ቈልፌ አስረክቤ፥ በእጄ ጋዜጣ ብቻ ይዤ ተቀምጬአለሁ። እንደ መዘባበት ብዬ፥

«እማማ፥ ለምን ይህን ሁሉ ከሻንጣው ውስጥ አልከተቱትም?» አልኋቸው።

እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ሻንጣው እስኪመጣልኝ ድረስ በእነሱ እጅ ነው፤ ይህ ግን በእኔ እጅ ነው። ያመጡልኛል ብዬ አምናለሁ። ባያመጡልኝም ልጄን የምደርስባት በዚህ ነው» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳትገምቱት አልቀራችሁም። በመንገድ አይሮፕላን የለወጥሁት በጥድፊያ ነበር፤ እኔ ሮጬ ደረስሁ፥ ሻንጣዬ ግን አልደረሰም። በመጨረሻው አገር ሻንጣ በሚያመላልሰው ተሽከርካሪ ጎማ ፊት ቆሜ ሰው ሁሉ የየራሱን አንሥቶ ሲሄድ፥ በመጨረሻ እኔና አንድ የተሰበረ የሕፃን ጋሪ ቀረን። በማግሥቱ ጧት ለምዝገባ ስቀርብ «የዲግሪዎን ዋና ወረቀት ያሳዩ» ተባልሁ። በላብ በነተበ ሸሚዝ ቆሜ «በሻንጣዬ ውስጥ ነው» አልሁ። መዝጋቢው የሦስት ቀን ጊዜ ሰጠኝ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ማስረጃ ካላቀረብሁ ቦታዬ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ያዳነኝ የዚህ ትምህርት ቤት ጸሓፊ ነው። በፋይሌ ውስጥ የነበረውን ግልባጭ ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ላከልኝ፤ በዚያ ተመዘገብሁ። ሻንጣዬ የመጣው በአምስተኛው ቀን ነበር። ለወዳጅ ስጦታ ያልሁት የአገራችን ማር ፈስሶ ዲግሪዬን ከሸሚዞቼ ጋር አጣብቆታል፤ የወረቀቱ ዳር እስከ ዛሬ ቡናማ ነው።

ሻንጣ የሚቀረው ለምንድር ነው? ሁልጊዜ ሌባ ወስዶት አይደለም። በዓለም የአየር ማረፊያዎች የመገናኛ አገልግሎት የሚሰጠው ሲታ የተባለው ድርጅት እንደሚያስታውቀው፥ እ. ኤ. አ. በ2007 ከ1,000 መንገደኞች 18.88 ሻንጣዎች ይዘገዩ፥ ይጎዱ ወይም ይጠፉ ነበር፤ በ2024 ግን ቍጥሩ ወደ 6.3 ወርዷል። ከዘገዩትም ውስጥ 41 በመቶው የዘገዩት ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው ሲዛወሩ ነው። መንገደኛው በሃያ ደቂቃ ሮጦ ሊሻገር ይችላል፤ ሻንጣው ግን መውረድ፥ መለየት፥ መፈተሽና እንደገና መጫን አለበት። እንግዲህ በሁለቱ በረራዎች መካከል የምንተወው ጊዜ ለራሳችን ብቻ ሳይሆን ለሻንጣችንም ነው።

ሌላው ምክንያት ክብደት ነው። አየሩ ሲሞቅና ቦታው ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየርም ክንፍን የማንሣት ኃይሉ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት በሞቃት ቀን ከፍ ካለ ሜዳ የሚነሣ አይሮፕላን ጭነቱን ማቃለል ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዳንድ ሻንጣ ለሚቀጥለው በረራ ይቈያል። እንዲሁም የስልክ ባትሪ መሙያ ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ፥ እሳት እንዳያነሣ ስለሚከለከል ሻንጣው ለፍተሻ ይቀራል፤ በእጅ መያዝ አለበት። የድሮ ጕዞ ምልክት ያልተነሣለት ሻንጣም መሣሪያው ስለሚሳሳት ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ዕቃ ምልክቱ በቀላሉ ስለሚላቀቅበት፥ ስምና ስልክ በወፍራም ቀለም በላዩ ላይ መጻፍ፥ በውስጡም በወረቀት ጽፎ መጨመር ይገባል።

ሰፊ ችግር በሚነሣበት ጊዜ ደግሞ ታላላቅ የሚባሉትም አገሮች አይድኑም። በ2014 ዓ. ም. ክረምት የአውሮፓ አየር ማረፊያዎች በሠራተኛ እጥረት ተጨናንቀው፥ ሻንጣ በየአዳራሹ ተከምሮ ነበር። በሐምሌ ወር ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ አንድ ትልቅ አይሮፕላን ያለ አንድ መንገደኛ፥ 1,000 የተረሱ ሻንጣዎች ብቻ አሳፍሮ ከለንደን ወደ ዲትሮይት በረረ። ሻንጣዎቹ ከባለቤቶቻቸው ተለይተው ለብቻቸው ባሕር ተሻገሩ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ፓስፖርት፥ ዋና የትምህርት ማስረጃ፥ መድኃኒት፥ መነጽር፥ ገንዘብ፥ የስልክ መሙያና አንድ ቅያሪ ልብስ ከእጃችሁ አይለዩ። የማስረጃዎቻችሁን ፎቶግራፍ በስልካችሁ ያዙ፤ ሌላ ግልባጭ ደግሞ በቤተ ሰብና በትምህርት ቤት ይቀመጥ። ሻንጣችሁን ሳታስረክቡ ፎቶግራፍ አንሡት፤ «ጥቁር ሻንጣ ነው» የሚል ማስታወቂያ በጥቁር ሻንጦች መካከል ምንም አይረዳም። ስታስረክቡም «ሻንጣዬ የሚሄደው እስከ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በምልክቱም ላይ ያሉትን ሦስት ትልልቅ የላቲን ፊደሎች ተመልከቱ። የአሶሳ ምልክት ኤ፥ ኤስ፥ ኦ፤ የአዲስ አበባ ደግሞ ኤ፥ ዲ፥ ዲ ነው። ከውጭ ስትመለሱም ሻንጣውን በቦሌ መቀበል ይገባችሁ እንደ ሆነ ወይም እስከ አሶሳ የሚሄድ እንደ ሆነ ከመነሻው ጠይቃችሁ እወቁ። የምትቀበሉትን ቍራጭ ወረቀት እንደ ገንዘብ ጠብቁት፤ ያለ እርሱ ሻንጣን መፈለግ ከባድ ነው።

ሻንጣው ያልመጣ እንደ ሆነ፥ ከአዳራሹ ሳትወጡ ለሻንጣ ክፍል አስታውቁ፤ የጠፋ ሻንጣ ማስታወቂያ ቅጽም አስሞልታችሁ መለያ ቍጥሩን ተቀበሉ። ቍጥሩ አብዛኛውን ጊዜ አምስት የላቲን ፊደልና አምስት አኃዝ አለው፤ ሻንጣው የትም ቢሆን የሚፈለገው በዚህ ነው። ስማችሁን በፓስፖርቱ ላይ እንደ ተጻፈ አድርጋችሁ ጻፉ፤ የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሦስት በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ፥ የአንዲት ፊደል ልዩነት ብዙ ያመላልሳል። ከአሶሳ አልፎ ወደ ሸርቆሌ ወይም ወደ ኩርሙክ የሚሄድ መንገደኛ፥ በአሶሳ ከተማ ሻንጣውን የሚቀበልለት ሰው ስምና ስልክ ቢያስመዘግብ መልካም ነው።

ሕግም ይረዳችኋል። እ. ኤ. አ. በ1999 በሞንትሪያል ከተማ የተፈረመ፥ ኢትዮጵያም የተቀበለችው የአገሮች ስምምነት አለ። በዚህ ስምምነት መሠረት በውጭ አገር ጕዞ ሻንጣው የተጎዳበት ሰው ሻንጣውን በተቀበለ በ7 ቀን ውስጥ፥ የዘገየበትም በተቀበለ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። ሊደርስ ከሚገባው ቀን ጀምሮ 21 ቀን ያለፈው ሻንጣ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ክስ ማቅረብ የሚቻለው እስከ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የካሣው ከፍተኛ ወሰን ከታኅሣሥ 2017 ዓ. ም. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ ይህም ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። ነገር ግን ይህ የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ ለሁሉ የሚታደል ገንዘብ አይደለም፤ የሚከፈለው በማስረጃ ለታየ ጕዳት ነው። ስለዚህ ሻንጣው እስኪመጣ ድረስ የግድ የገዛችሁትን ነገር ደረሰኝ አንዱንም አትጣሉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ትኬት የተናገርሁትን ላስታውሳችሁ። ከአሶሳ አዲስ አበባ ያለው በረራ እስከ ውጭ አገር ከሚሄደው ጕዞ ጋር በአንድ ውል የተገዛ ከሆነ፥ በስምምነቱ ዓይን ሁሉም አንድ የውጭ አገር ጕዞ ነው፤ የሕጉ ጥላ ከአሶሳ ሜዳ ይጀምራል። ለብቻው የተገዛ ከሆነ ግን የአገር ውስጥ ጕዞ ስለ ሆነ የሚገዛው በአገር ውስጥ ሕግና በትኬቱ ውል ነው።

ክቡራን ወላጆች! ልጃችሁ ከሪፖርት ቀን በፊት አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ልሂድ ቢላችሁ፥ «ምን አስቸኰለህ? የምግብ ወጪ ነው» አትበሉት። የቸኰለስ በመጨረሻው ቀን የሚነሣው ነው፤ «የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለውም ለእርሱ ነው። የተከበራችሁ መምህራን! የተማሪውን ማስረጃ ግልባጭ በጥንቃቄ አስቀምጡልን፤ በእጃችሁ ያለች አንዲት ወረቀት በሩቅ አገር ለቆመ ልጅ እንጀራ ልትሆነው እንደምትችል እኔ ምስክር ነኝ።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች! ክልላችን ዛሬ ከዓለም ጋር እየተገናኘ ነው። ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. በጉባ የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የምድራችንን ስም በሩቅ አሰምቶታል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲም ከተቋቋመ ወዲህ ከየአገሩ ዳር ተማሪ ወደ እኛ ይመጣል፤ ከእኛም ወደየዳሩ ይሄዳል። ሻንጣውን አጥቶ በመናኸሪያ ወይም በአይሮፕላን ሜዳ የቆመ እንግዳ ተማሪ ብታገኙ፥ ቅጹን አብራችሁ ሙሉለት፥ ቅያሪ ልብስም አበድሩት። ነገ እናንተም በሌላ ሰው አገር ትቆማላችሁና።

የአክስቴ ዕዳ ተከፍሎ አልቋል። ቃሏ ግን አልተከፈለም፤ ዛሬ ለእናንተ በማስተላለፍ ጥቂቱን የከፈልሁ ይመስለኛል። ቀናችሁን አትሽጡ፤ የሚያስፈልጋችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ ያላወቃችሁትን ጠይቁ። ፈጣሪ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ።